ከአዳማ ተነስቶ በየወሩ አንድ ተራራ፦ የ2017 ዕቅዴና ባዶ የቀረው መስመር

የአዋሽ ማዶ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ። ዓምና በዘመን መለወጫ ሰሞን እዚሁ የጻፍኩትን ዕቅድ የምታስታውሱት ትኖራላችሁ፦ በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ በየወሩ አንድ ከዚህ በፊት ወጥቼው የማላውቅ ተራራ፣ አናቱ ድረስ፣ በእግር። መነሻዬ ሁልጊዜ አዳማ፣ ጊዜዬ በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ። ጳጉሜንም እንደ ወር ተቆጥራለች። ዓመቱ አልቋል። ከዝርዝሩ አንድ መስመር ባዶ ቀርቷል፤ እሱን በተመለከተ የእናንተን ሐሳብ እፈልጋለሁ። አስቀድሜ ግን የሄድኩበትን ላውራችሁ፤ አዳማ፣ ቢሾፍቱና አሰላ ያላችሁ በተለይ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

አዳማን ሰው የሚያውቃት በሙቀቷና በመንገደኛዋ ነው። ተራራ ለሚወድ ግን እንደሷ የተመቸ ከተማ አላየሁም። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በምሥራቅ ቦሰት (2,447 ሜትር)፣ ከሱ አልፎ መተሐራ ላይ ፈንታሌ (2,007 ሜትር) አለ። በምዕራብ በኩል ዝቋላ (2,989 ሜትር) እና የረር (3,100 ሜትር)። የአሰላን መንገድ ይዛችሁ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ ጭላሎ ፊታችሁ ይቆማል፤ ቁመቱን አንዱ ምንጭ 4,005፣ ሌላው 4,036 ይለዋል። እዚያው አርሲ ያሉት ባዳና ካካ ደግሞ ሁለቱም ከ4,100 በላይ ናቸው። ሁሉም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ተራሮች ናቸው፤ ሸለቆው ወለል ላይ ያሉት ገና ወጣቶች፣ የአርሲዎቹ ያረጁ። በማለዳ ከግራር ቆላ ተነስቶ በዚያው ቀን አስታና ጅብራ ከሚበቅልበት ውርጭ መድረስ የሚቻልበት ከተማ ስንት አለ?

ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተራሮቹን ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ይደረድራል። እኔ የደረደርኳቸው በሙቀትና በዝናብ ነው፤ አጥብቄ የምመክረውም ይኼንኑ ነው። ቦሰት ከጭላሎ በ1,500 ሜትር ያንሳል፤ በሚያዝያ የሚወጣው ሰው ግን ከጭላሎ ይልቅ እሱ ይጥለዋል። ጥላ የለም፣ ምንጭ የለም፣ ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይዋን መልሶ ፊት ላይ ይተፋታል። ስለዚህ ቆላዎቹን ለታኅሣሥና ለጥር አስቀመጥኳቸው፤ ጭላሎን ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሳይደርቅ ለኅዳር፣ ካካን በልጉ ሳይገባ ለየካቲት። ለክረምቱ ወራት ቅርብ ቅርቡን ያዝኩ፤ በሐምሌ የንፋስ ኃይል ማመንጫው አጠገብ ያሉት ጋራዎች አረንጓዴ ለብሰው ሲታዩ የአዳማ ልጅ ሁሉ ወጥቶ ሊያያቸው ይገባል።

ከሁሉም ልቤ የቀረው ቦሰት ላይ ነው። በወለንጪቲ በኩል ገባሁ፤ ያገሩ ልጅ የሆነ ከብት ጠባቂ መራኝ። ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነስተን ጎህ ሲቀድ ግማሹን ጨርሰናል። ባልጩቱ በየቦታው ያብረቀርቃል፤ እጅ ሲደገፉበት ይቆርጣል፣ የቀጭን ጫማ ሶል ይበላል። ሰውዬው አንድም ጊዜ አልተንሸራተተም። ፍየሎቹ የሚሄዱበትን መስመር ብቻ ነበር የሚከተለው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ በየተራራው የማደርገው ይኼንኑ ነው፦ ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ቀጥታ ውጣ ሲል የፍየሉ መንገድ ከዞረ፣ ከፍየሉ ጋር እዞራለሁ። አናቱ ላይ ሆነን የአዋሽን ሸለቆ ቁልቁል አየነው፤ የወንጂ ሸንኮራ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል።

ዝቋላን የወጣሁት በጥቅምት አምስት፣ በአቡዬ ንግሥ ነው። ከምእመናኑ ጋር በእግር። የሰማንያ ዓመት አዛውንት የሚመስሉ እናት በባዶ እግራቸው ሲወጡ እያየ ስለ ራሱ ድካም የሚያወራ ሰው አይኖርም። እሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ያለው ሐይቅ የተቀደሰ ነው፤ ዳሩ ላይ ምግብ ዘርግቶ ሙዚቃ መክፈት አይገባም።

አሁን ወደ ባዶው መስመር። ለጥር የያዝኩት ፈንታሌን ነበር። ታስታውሳላችሁ፣ ከመስከረም ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ እየበረታ ሄዶ አዳማም አዲስ አበባም አልጋ ላይ ያለውን ሰው ቀሰቀሰ። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ሰው ቤቱን ጥሎ በሚሸሽበት መንገድ እኔ ቦርሳ አዝዬ ወደ ተራራው የምሄድበት ምክንያት አልታየኝም። በጥር አልወጣሁም። ሌላ ተራራም አልተካሁም።

ጥያቄዬ፦ ይህ ዓመት ተሟልቷል ትላላችሁ?

---

ቀይ አፈር

መጀመሪያ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳንም በሰላም ጨረስከው። ለኔ ተሟልቷል። ዕቅዱ “በየወሩ አንድ ተራራ” ነው እንጂ “ፈንታሌ” አይደለም። በጥር የረርን ብትወጣ ኖሮ ማን ይከለክልህ ነበር? መተካት መብትህ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ዕቅድ መለወጥ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው።

---

የአዋሽ ማዶ

ቀይ አፈር፣ አሜን። ግን ዝርዝሩን መስከረም ላይ በስም ጽፌዋለሁ። በስም ያልተጻፈ ዕቅድ በየወሩ ወደ ቀለለው ያዘነብላል፤ ካካን ባልጽፈው ኖሮ በየካቲት የማደርገው እንጦጦን ነበር። መተካት ከተፈቀደ ደግሞ ጥር ላይ ለፈንታሌ የተፈቀደው፣ የካቲት ላይ ለብርድ ይፈቀዳል።

---

ክላይድ ዳር

ከስኮትላንድ ነው የምጽፈው፤ ያደግኩት አዳማ ቀበሌ 04 ነው። እዚህ ይኼ ነገር የቆየ ባህል ስለሆነ ትንሽ ላካፍል። ሂው መንሮ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆኑትን የስኮትላንድ ተራሮች ዘርዝሮ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሰው ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ ሲወጣ ዕድሜውን ይፈጃል። አሁን በዝርዝሩ ያሉት 282 ናቸው። መንሮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሞት ዝርዝሩን አልጨረሰውም ነበር። መጀመሪያ ጨረሰ የሚባለው በ1901 አንድ ቄስ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዱን ተራራ በዝናብ ምክንያት አናቱ ሳይደርስ ተመልሷል እያሉ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ክርክር! ስለዚህ ባዶውን ባዶ ብለህ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ማንም አይጠይቅህም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ቦሰት ሁለት አናት አለው፤ ጉዳና በሪቻ። የትኛውን ነው የቆጠርከው? ጭላሎና ባዳስ የተለያዩ ተራሮች ናቸው ወይስ አንድ ሰንሰለት? እዚህ ሰዎች ለዚህ መለኪያ አላቸው፦ ከአንዱ አናት ወደ ሌላው ለመሄድ ቢያንስ ምን ያህል መውረድ አለብህ? ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ቁጥሩ ይለያያል፣ 150 ሜትርን የሚጠቀም አለ። ያን ያህል ካልወረድክ አዲሱ አናት የበፊቱ ትከሻ ነው ማለት ነው።

---

የአዋሽ ማዶ

ወንድሜ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው ያመጣኸው። የወጣሁት ጉዳን ነው፤ ከፍ የሚለው እሱ ስለሆነ። በሪቻን ለብቻው አልቆጠርኩትም። የ150 ሜትሩን መለኪያ ለዘንድሮው ዝርዝር እወስደዋለሁ። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው ባለ 1:50,000 ካርታዎች ላይ የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት ስለተሰመሩ ቁጭ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ጭላሎና ባዳ መካከል ያለውን ዝቅታ በእግሬ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ተራሮች ናቸው ብዬ ያለ ካርታም እመሰክራለሁ።

---

ሳነቲ

እኔ ደግሞ ሌላ ክርክር ላንሳ። መኪና የሚደርስበት አናት ይቆጠራል? ባሌ ላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ከራስ ደጀን ጋር ስሙ የሚጠራ ተራራ። ግን መንገድ አናቱ ድረስ አለው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ከጎባ በመኪና ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ “አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ሰባት ሜትር ወጣሁ” ብሎ ሲለጥፍ ልቤ ቆሰለ። ዝቋላም እኮ መኪና ይወጣል።

---

ቀይ አፈር

ሳነቲ፣ ሰውየው ደስ ብሎት ከሆነ ምን አጠፋ? ጉልበት የሌለው፣ የታመመ፣ ያረጀ ሰውም በባሌ የሳነቲ ደጋ ሜዳ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ የማየት መብት አለው።

---

ሳነቲ

ማየቱንማ ይይ፣ እሰየው ነው። ባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ለሰው ሁሉ ነው። እኔ የምለው “ወጣሁ” የሚለውን ነው። መንገድ ያለው ተራራ ከሆነ ከመንገዱ ርቆ፣ ከግርጌው በእግር መጀመር አለበት። አለበለዚያ የወጣው መኪናው ነው።

---

የአዋሽ ማዶ

በዚህ ከሳነቲ ጋር ነኝ። የኔ ደንብ መኪና የመጨረሻው መንደር ላይ ይቆማል የሚል ነው። ዝቋላንም በእግር ነው የወጣሁት። ቱሉ ዲምቱን ዘንድሮ ካስገባሁት ሜዳውን አቋርጬ እንጂ በመንገዱ አልሄድም።

---

ነጭ ጋውን

የጤና ባለሙያ ነኝ፣ አዳማ ነው የምሠራው። የጽሑፉን ውበት ሳልነካ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። “በማለዳ ከቆላ ተነስቶ በዚያው ቀን ውርጭ መድረስ” የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፣ አደገኛም ነው። ከ1,600 ሜትር ተነስቶ በአንድ ቀን ከ4,000 በላይ መውጣት ለሁሉም ሰው አይሆንም። 4,000 ሜትር ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ መፍዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ወጣትነትና ስፖርተኛነት አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ስለሚፈጥን ቶሎ ሊያዝ ይችላል።

ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። አሰላ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ ዓርብ ማታ እዚያ እደሩ፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት። በቆጂ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ምልክቱ ከጀመራችሁ መውጣት ማቆም፤ ካልተሻላችሁ ወይም ከባሰባችሁ መውረድ። ሚዛኑን የሳተ፣ የሚናገረውን የማያውቅ፣ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር፣ በሌሊትም ቢሆን ማውረድ ነው። መድኃኒት በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ፣ ሐኪም ጠይቁ።

ከዚህ ሌላ የሚያሳስበኝ እርጥበት ነው። የአርሲ ተራራ ላይ በጥጥ ልብስ ዝናብ የመታው ሰው ቁም ነገሩ ብርድ ብቻ አይደለም፤ የሰውነት ሙቀቱ ሲወርድ ማሰብ ያቆማል። ደረቅ ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ብዙ ሰው ያተርፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅ አለ፤ በዝናብ ወራት እስከ 6 ሰዓት አናቱን ለቃችሁ መውረድ ጀምሩ።

---

የአዋሽ ማዶ

እግዜር ይስጥልን ዶክተር። ጭላሎም ካካም ስሄድ ከተማው ላይ አድሬ ነው፤ በጽሑፉ ላይ ማንሳት ነበረበትና እርስዎ አሟሉት። በቆጂ ላይ ያደርኩ ጊዜ ሲነጋጋ ልጆች በቡድን እየሮጡ አጠገቤ አለፉ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የሮጡበት መሬት ነው። ለነሱ ትንፋሽ የሚሰጥ አየር ለኛ ለቆለኞቹ ትዕግሥት ይጠይቃል።

---

ማር እሸት

እኔ አዳማ ነው የምኖረው፣ ሴት ነኝ፣ ተራራ የምለው እስካሁን ሶደሬ አጠገብ ያለውን ጉብታ ብቻ ነው። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ መጀመር ፈልጌያለሁ። ሰው አገር ሄዶ “ተራራችሁን ልወጣ ነው” የሚባለው እንዴት ነው? ማንን ነው የምናገረው? ፈቃድ ያስፈልጋል? ቤተሰቤም የሚጠይቁኝ ይኼንኑ ነው።

---

የአዋሽ ማዶ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ከመሄዴ በፊት በዚያ ሳምንት እዚያ የነበረ ሰው ፈልጌ ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው እጠይቃለሁ፤ የወር ዕድሜ ያለው ወሬ አይበቃም። እንደደረስኩ መጀመሪያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው የምሄደው፤ መታወቂያዬን አሳይቼ ከየት እንደመጣሁ፣ የት እንደምሄድ፣ መቼ እንደምመለስ እናገራለሁ። መሪም የማገኘው እዚያው ነው። ክፍያውን ከመነሳታችን በፊት እንስማማለን፣ አልከራከርም፤ ቀኑን ሙሉ ከሥራው ተፈትቶ ነው የሚመጣው። አርሲ ላይ ያለው የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ስለዚህ የፓርኩን ሰዎች ማናገር የግድ ነው። ኦሮምኛ ብትችዪ በጣም ጥሩ፤ ባትችዪ ሰላምታውን እንኳ ተማሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን አትሂጂ፣ እኔም ብቻዬን ሄጄ አላውቅም።

---

የጭላሎ ግርጌ

ልጄ፣ ጽሑፍህን ልጄ አሳየኝና ነው የተመዘገብኩት። አሰላ ነው የተወለድኩት። እ.ኤ.አ. በ1967 ስዊድኖች ካዱን (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን) ሲከፍቱ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ የካዱን ስንዴ ከዘሩት የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ነው። ያኔ ጭላሎ ላይ ጥዱና ኮሶው የሚጀምርበትን ቦታ በእጄ ላሳይህ እችላለሁ። ዛሬ እዚያ ገብስና ባሕር ዛፍ ነው። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ መሬቱ ጠቦ ልጅ ሲበዛ ማረሻው ወደ ላይ ወጣ። አስታውን ለግጦሽ ሲያቃጥሉት ጭሱ ከከተማ ይታይ ነበር።

ጥያቄ ልጠይቅህ። አናቱ ላይ ስትደርስ ምን አየህ? የደጋ አጋዘን አየህ? በኛ ጊዜ ጠዋት ወደ ላይ ከወጣህ ማየትህ አይቀርም ነበር። ሰው ተራራ ወጣሁ ሲለኝ ቁመቱን አልጠይቀውም፣ ያየውን ነው የምጠይቀው።

---

የአዋሽ ማዶ

ጋሼ፣ እንኳን መጡልን። አየሁ። ጭላሎ ላይ አይደለም፤ ባዳ ላይ፣ በግንቦት፣ ጭጋግ ውስጥ ሁለት ሴቶችና አንድ ግልገል። ቆመው አዩን፣ ከዚያ አስታው ውስጥ ገቡ። መሪያችን ዝም በሉ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ባዳ በበረዶው ዘመን ግግር በረዶ የነበረበት ተራራ ነው፤ ያ በረዶ ጠርጎ ያወረደውን የድንጋይ ክምር ያሳየን እሱ ነው፣ ሳይንሱን ሳያውቅ “ይኼን ድንጋይ ሰው አላመጣውም” ብሎ። ቀይ ቀበሮ አላየንም፣ ኩሱን ግን አሳይቶናል።

ጥዱ ይጀምርበት የነበረውን ቦታ በእጅዎ አሳያለሁ ያሉት ከልብዎ ከሆነ፣ ስንመጣ አሰላ ላይ እናግኝዎት። ጽፈን ፎቶ አንስተን እዚሁ እናስቀምጠው።

---

የጭላሎ ግርጌ

ከልቤ ነው። ጉልበቴ እስከ ገብሱ ድረስ ይችላል። ስለ ፈንታሌው ጥያቄህ ደግሞ፦ ባዶ ተወው። የዚያ አገር አርብቶ አደሮች፣ ከራዩዎች፣ ከብታቸውን ይዘው የሸሹበት ዓመት መሆኑን የሚያነብ ሰው ይወቀው።

---

ክላይድ ዳር

የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከመስመሩ ጎን ምክንያቱን ጻፍበት፣ ቀኑን ጨምር።

---

ቀይ አፈር

እኔ አሁንም ተሟልቷል ባይ ነኝ። ግን ባዶው በምክንያት ከተጻፈ አልከራከርም። ፈንታሌን ዘንድሮ ታስገባዋለህ?

---

የአዋሽ ማዶ

ዘንድሮም አላስገባውም። እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ እስከ ዛሬ መተሐራ አጠገብ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ያ ተራራ የሞተ አይደለም። የሥነ ምድር ባለሙያዎቹ ረጋ ብሏል እስኪሉ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የለቀቁት ሰዎች ተመልሰው ቤታቸው እስኪገቡ እጠብቃለሁ። የ2017ን ዝርዝር “ያልተሟላ፣ ጥር፣ ፈንታሌ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ” ብዬ ዘግቼዋለሁ።

የ2018 ዝርዝር በሚቀጥለው ሳምንት በአዲስ ክር ይወጣል፤ በስም፣ በ150 ሜትር መለኪያ፣ መኪና የመጨረሻው መንደር ላይ ቆሞ። ኅዳር ላይ ግን አዲስ ተራራ ከመውጣቴ በፊት ጭላሎን ለጀማሪዎች እደግመዋለሁ። ማር እሸት፣ ከእህትሽ ወይም ከጓደኛሽ ጋር ነይ። ዓርብ ከሰዓት ከአዳማ መናኸሪያ እንነሳለን፣ አሰላ እናድራለን፤ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር እስከ ገብሱ በእግር ደርሰን እንመለሳለን፣ ሰውነትም ከፍታውን ይለምዳል፤ እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት መውጣት እንጀምራለን። የሚያዘው፦ ሶሉ ወፍራም ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ልብስ፣ ባትሪ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ፣ በሶ ወይም ቆሎ። ጭኮ አሰላ እንገዛለን። ነጭ ጋውን፣ ጊዜ ካለዎት ቢመጡልን ደስ ይለናል። ሐሙስ ዕለት አሰላ ላይ ከዘነበ ጉዞው በአንድ ሳምንት ይተላለፋል፤ ሐሙስ ማታ እዚሁ እጽፋለሁ።

---

ማር እሸት

ከእህቴ ጋር ሁለት ነን፣ መዝግበን። ጫማ ከአሁኑ ገዝተን የንፋስ ማመንጫው ጋራ ላይ እናለማምደዋለን።